በዓይን የሚታይ ክልከላ

የፀጉር ማድረቂያ ጠፍቶም ቢሆን ሶኬት ላይ እስከተሰካ ድረስ ኮረንቲ አለው። ማብሪያ ማጥፊያው የሚያቋርጠው ከእሱ ወዲያ ያለውን፣ ማለትም ሞተሩንና የሚግለውን ጥቅል ሽቦ ነው። ከግድግዳው እስከ ማጥፊያው ያለው ሽቦ ግን ኮረንቲውን እንደተሸከመ ውሎ ያድራል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ በየዓመቱ ከ10 በላይ ሰዎች በዚህ ሰበብ ይሞቱ ነበር። አደጋው የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ በአንድ መንገድ ነው። ማድረቂያው መታጠቢያ ገንዳው ጠርዝ ላይ ይቀመጣል፣ ገመዱ ይጎተታል ወይም ልጅ ይነካካዋል፣ ከዚያ ሰው ያለበት ውሃ ውስጥ ይገባል። ከሟቾቹ መካከል ሕፃናት ነበሩ።

ዛሬ እዚያ አገር በዚህ መንገድ ሰው ሞተ ሲባል መስማት ብርቅ ነው። ሰዉ ከዚያ ወዲህ ጠንቃቃ ሆኖ አይደለም፤ አሁንም መታጠቢያ ቤት ውስጥ ፀጉር ይደርቃል፣ ልጆችም ያገኙትን ገመድ ይጎትታሉ። የተለወጠው ዕቃው ነው። ዕቃው እንዴት እንደተለወጠና ያልተለወጠውን መሸጥ በምን ዘዴ እንደተከለከለ ማወቅ፣ ስለ ሸማቾች ጥበቃ በጥቅሉ ከሚነገረው ብዙ ቃል ይበልጥ ይጠቅማል ብዬ ስለማምን ምዕራፉን ከዚህ ጀምሬዋለሁ።

መጀመሪያ ግን፣ ቆጣሪው አጠገብ ያለው ብሬከር ለምን አያድንም? ብሬከር የተሠራው ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ ግሎ ቤት እንዳያቃጥል ነው፤ ለሰው ተብሎ አልተሠራም። የተለመደው የአሜሪካ ቤት ብሬከር 15 ወይም 20 አምፔር እስኪያልፍበት ድረስ ዝም ይላል። የሰው ገላ ደግሞ የሚለካው በአምፔር ሺኛ፣ በሚሊ አምፔር ነው። 1 ሚሊ አምፔር ሲነካን ይሰማናል። 10 እና ከዚያ በላይ ሲሆን የእጅ ጡንቻ ይኮማተርና የያዘውን መልቀቅ ያቅተዋል፤ «ኮረንቲ ያዘው» የምንለው እውነትም መያዝ ነው። 100 አካባቢ ሲደርስ ልብ ምቱ ተዘበራርቆ ደም መርጨት ሊያቆም ይችላል። 100 ሚሊ አምፔር ከ15 አምፔር ብሬከር አቅም 1 ከመቶ እንኳ አይሞላም። ሰውየው ሞቶ ብሬከሩ ምንም አልተሰማውም።

መፍትሔውን ያገኘው ቻርልስ ዳልዚል የሚባል በበርክሊ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ነው። ዳልዚል የሰው ገላ ስንት ኮረንቲ እንደሚችል በፈቃደኞች ላይ እየለካ ዓመታት ያሳለፈ ሰው ነበር (ዛሬ ቢሆን የሚፈቅድለት የሥነ ምግባር ኮሚቴ ማግኘቱን እጠራጠራለሁ)። እ.ኤ.አ. በ1961 የሠራው መሣሪያ ሥራው አንድ ነው። የዕቁብ ጸሐፊ የወጣውንና የገባውን እንደሚያስተያይ፣ በአንዱ ሽቦ የሄደው ኮረንቲ በሌላው ሽቦ ያንኑ ያህል መመለሱን ይቆጣጠራል። ከሄደው 5 ሚሊ አምፔር ያህል ከጎደለ አንድ ቦታ፣ ምናልባትም በሰው ገላ በኩል፣ ወደ መሬት እየፈሰሰ ነው ማለት ነው፤ ዓይን ተጨፍኖ ሳይገለጥ መስመሩን ይቆርጠዋል።

የአሜሪካ የኤሌክትሪክ መሥመር ዝርጋታ ደንብ ይህ መሣሪያ በመታጠቢያ ቤት ሶኬቶች ላይ እንዲገጠም ያዘዘው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። ያዘዘው ግን ለአዲስ ቤት ነው። ቤት አንዴ ከተሠራ 50 እና 60 ዓመት ይኖራል፤ ስለዚህ ደንቡ ወጥቶም አብዛኛው ሕዝብ የሚታጠበው ጥበቃው በሌለበት አሮጌ ቤት ውስጥ ነበር። የፀጉር ማድረቂያ በተቃራኒው ጥቂት ዓመት አገልግሎ ይቃጠላል ወይም ይጣላል። ቤቱን መለወጥ ካልተቻለ ዕቃውን መለወጥ ይቻላል ማለት ነው። ጥበቃው ከግድግዳው ወጥቶ ገመዱ ጫፍ ላይ፣ ሶኬት ውስጥ የሚገባው መሰኪያ ላይ ተቀመጠ። ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣውን የፀጉር ማድረቂያ ያየ ሰው፣ መሰኪያው ከሌላው ዕቃ መሰኪያ ተለይቶ እንደ ክብሪት ቀፎ የተለቀ፣ ሁለት ትንንሽ ቁልፎችም ያሉበት መሆኑን አስተውሎ ይሆናል። ያ ጉብታ ነው ሰው የሚያተርፈው። (እኛ ዘንድ ሲሰካ ግን ዕቃው የተሠራው ለ120 ቮልት ስለሆነ በ220ው ይቃጠላል፤ ይህ ሌላ ጣጣ ነው።)

መሰኪያው እንዲለወጥ ያደረገው መንግሥት አልነበረም። አሜሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ ዕቃ ደህንነት ደረጃዎችን ከሁሉ በላይ የሚያወጣው ዩ ኤል የተባለ የግል ተቋም ነው። የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1894 ቺካጎ ውስጥ ሲሆን፣ የወለደው የእሳት አደጋ መድን ሰጪዎች ሥጋት ነው። ኤሌክትሪክ ገና አዲስ በነበረበት ዘመን ለተቃጠለ ቤት ካሳ የሚከፍሉት እነሱ ነበሩና። ዩ ኤል የፀጉር ማድረቂያ ደረጃውን ሁለት ጊዜ አጠበቀው። እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ማድረቂያው ጠፍቶ ውሃ ውስጥ ቢገባ እንዳይገድል፣ ከ1991 ጀምሮ ደግሞ እየሠራ ሳለም ቢገባ እንዳይገድል ተጠየቀ። የሟቾቹ ቁጥር በሁለቱም ጊዜ ወረደ።

እዚህ ላይ ነገሩ አለቀ ይመስላል፤ አላለቀም። የዩ ኤል ደረጃ በፈቃደኝነት የሚከተሉት ነው። ትልልቆቹ አምራቾች ተከተሉት፤ ዩ ኤል ያላየውን ዕቃ ትልልቅ መደብሮች አይቀበሉምና። ርካሽ ዕቃ በኮንቴነር የሚያስገባ ነጋዴ ግን ያንን ጉብታ ትቶ ጥቂት ሳንቲም ማትረፍ ይችል ነበር። የፍጆታ ዕቃዎችን ደህንነት የሚቆጣጠረው፣ እ.ኤ.አ. በ1972 በወጣ ሕግ የተቋቋመው የፌዴራል ኮሚሽን እንዲህ ያለ ማድረቂያ ባገኘ ቁጥር አስመጪውን ጠርቶ፣ አስረድቶ፣ ተደራድሮ፣ ዕቃው እንዲሰበሰብ ማስታወቂያ ያስነግር ነበር። ይህ በየዕቃው፣ በየስሙ፣ ለዓመታት ተደጋገመ። ማስታወቂያው ሲወጣ ግን አብዛኛው ዕቃ ተሽጦ ሰው ቤት ገብቷል። አንድ ዓይነት ጉድለት ያለበትን ዕቃ በየጊዜው እንደ አዲስ ወንጀል መመርመር ገንዘብም ጊዜም ይበላል፤ የሚበላው ደግሞ ከተቆጣጣሪው ኪስ ነው፤ ከአስመጪው አይደለም።

መንገዱ የተለወጠው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት እርሳስ ያለበት ቀለም የተቀቡ መጫወቻዎች በብዛት ተገኝተው አገሩ ተቆጥቶ ስለነበር፣ የአሜሪካ ምክር ቤት የኮሚሽኑን ሥልጣን አሰፋ። ከአዲሶቹ ድንጋጌዎች አንዱ ጋዜጣ ላይ ብዙም አልተወራለትም፤ ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። ኮሚሽኑ አንድን የዕቃ ዓይነት «ይህ ነገር ከሌለው ወይም ይህ ነገር ካለበት በራሱ አደገኛ ነው» ብሎ ዝርዝር ውስጥ እንዲያስገባ ፈቀደለት። ከገባ በኋላ ማስረዳት የለም፤ ዕቃው ወደብ ላይ ይያዛል። ለዝርዝሩ ግን ሕጉ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠ። ለዕቃው በፈቃደኝነት የሚሠራበት ደረጃ ቀድሞ የወጣለት፣ ደረጃውም አደጋውን በእርግጥ የቀነሰ፣ አብዛኛው አምራችም የሚከተለው መሆን አለበት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጉድለቱ በቀላሉ በዓይን የሚታይ መሆን አለበት።

ይህ የመጨረሻው ላይ ቆም ማለት ይገባል። ስለ ክልከላ ስናስብ ብዙውን ጊዜ የሚታየን ላቦራቶሪ ነው፤ ናሙና ተወስዶ፣ ተፈትኖ፣ ውጤት ተጽፎ፣ ፊርማና ማኅተም ያረፈበት ወረቀት። ላቦራቶሪ ያስፈልጋል። ወደብ ላይ ግን በቀን የሚያልፈውን ኮንቴነር ሁሉ የሚፈትን ላቦራቶሪ ያለው አገር የለም፤ አሜሪካም የላትም። ወደብ ላይ ያለው የጉምሩክ ሠራተኛ ነው፤ መሣሪያው ዓይኑና እጁ ነው። «ይህ ማድረቂያ ውሃ ሲነካው በምን ያህል ጊዜ ይቆርጣል?» ተብሎ ቢጠየቅ ሊመልስ አይችልም። «ገመዱ ጫፍ ላይ ትልቁ መሰኪያ አለው?» ቢባል ግን ካርቶኑን ከፍቶ ወዲያው ይመልሳል። ሕግ አውጪዎቹ ክልከላውን ይህ ሠራተኛ ሊያየው በሚችለው ልክ ሰፉት። እ.ኤ.አ. በ2011 መሰኪያው ላይ ጥበቃ የሌለው በእጅ የሚያዝ የፀጉር ማድረቂያ ዝርዝሩ ውስጥ ገባ። በዚያው ዓመት አብሮት የገባው አንገታቸው ወይም ወገባቸው ላይ ማጥበቂያ ክር ያላቸው የልጆች ጃኬቶች ናቸው፤ ክሩ ሸርተቴ ወይም የአውቶቡስ በር እየያዘው ልጆች ይታነቁ ወይም ይጎተቱ ነበር። ማድረቂያና ጃኬት ምን አገናኛቸው ቢባል፣ የሁለቱም ጥፋት በዓይን ይታያል።

በእርግጥ ለሚታይ ምልክት ማስመሰያ ይሠራለታል። ባዶ ጉብታ፣ ውስጡ ምንም የሌለበት መሰኪያ መቅረጽ ከባድ አይደለም። ያን ያደረገ ግን ደረጃ አላወቅሁም ብሎ ሊከራከር አይችልም፤ ከቸልተኛ ነጋዴነት ወደ አጭበርባሪነት ተሻግሯል፣ ፍርድ ቤትም የሚያየው እንዲያ ነው። ደግሞም ላቦራቶሪው አሁን የሚፈትነው ጉብታ ያላቸውን ብቻ ስለሚሆን ሥራው ይቀልለታል።

እ.ኤ.አ. በ2015 ኮሚሽኑ ወደ ዝርዝሩ ኤክስቴንሽን ጨመረ። የሚታዩት ምልክቶች የሽቦው ውፍረት፣ ገመዱ ሲሳብ ከመሰኪያው እንዳይነቀል የሚይዘው አንገት፣ የመሰኪያው እግሮች ትክክለኛ አቀማመጥና የመሳሰሉት ናቸው። ውፍረቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የእኛን ቤት በቀጥታ የሚነካ ነውና። ሽቦ ውስጥ የሚፈጠር ሙቀት ከኮረንቲው ጋር እኩል አያድግም። ኮረንቲው ሁለት እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ ሲሆን ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይወስዳል፤ በ220 ቮልት 16 አምፔር ማለት ነው። በየሱቁ የሚሸጠው ርካሽ ዲቫይደር ገመድ ውስጥ ያለው ሽቦ ብዙ ጊዜ 6 አምፔር ገደማ ለሚወስድ ዕቃ፣ ለቴሌቪዥን፣ ለስልክ ቻርጀር፣ ለመብራት ቢሆን የሚበቃ ነው። ምጣድ ሲሰካበት ሽቦው ከሚችለው ሰባት እጥፍ ያህል ሙቀት ይፈጥራል። እንጀራው ተጋግሮ እስኪያልቅ የገመዱ ልባስ ይለሰልሳል፤ ምንጣፍ ወይም ፍራሽ ሥር ያለፈ ከሆነ ሙቀቱ መውጫ የለውም። ነጋዴው «ጋሼ፣ ይሄ ኦሪጅናል ነው» ሲል የሚያሳየው ውጪውን ነው፤ ገመዱ በወፍራም ፕላስቲክ ተሸፍኖ ጠብደል ይመስላል፣ ውስጡ ያለው መዳብ ግን ጥቂት ቀጫጭን ክር ነው። አንዳንዱ ከነጭራሹ መዳብ የተቀባ ብረት ነው፤ ማግኔት ይይዘዋል። መዳብ በማግኔት አይያዝም።

ጉድለቱ በዓይን የማይታይ ሲሆን ምን እንደሚሆን እንግሊዝ አገር ታይቷል። ዊርልፑል የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2015 ግድም፣ በሆትፖይንት፣ በኢንደሲትና በሌሎችም ስሞች ከ2004 ጀምሮ ለ11 ዓመት የተሸጡ የልብስ ማድረቂያ ማሽኖች እሳት ሊያስነሱ እንደሚችሉ አስታወቀ። ከልብስ የሚረግፈው ብናኝ በከበሮው ጀርባ ባለ ክፍተት ሾልኮ የጋለው ክፍል ላይ ይወድቅ ነበር። የተሸጠው ማሽን ከ5 ሚሊዮን ይበልጣል። ማሽኑን ከውጪ ያየ ሰው ምንም አያገኝበትም። ኩባንያው ደንበኞቹን ጠጋኝ እስኪመጣላችሁ ድረስ አጠገቡ ሆናችሁ ተጠቀሙበት አላቸው፤ የጠጋኙ ወረፋ ብዙ ወራት ነበር። በነሐሴ 2016 ምዕራብ ለንደን ሼፐርድስ ቡሽ ውስጥ አንድ ባለ 18 ፎቅ ሕንፃ ተቃጠለ። እሳቱን ያስነሳው ከእነዚህ ማሽኖች አንዱ ነበር፤ ባለቤቷም ኩባንያው እንደመከረው ቤቷ ውስጥ ነበረች። ምክሩ «ከሶኬት ንቀሉት» ወደሚል የተለወጠው በሚቀጥለው ዓመት ነው። መንግሥት አስገዳጅ የመሰብሰብ ሂደት የጀመረው በ2019 ነው።

አራት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው መሆኑ ነው። ለመዘግየቱ አንዱ ምክንያት፣ ዓለም አቀፉን ኩባንያ የሚቆጣጠረው የእንግሊዝ ቅርንጫፉ ዋና መሥሪያ ቤት የሚገኝበት የፒተርቦሮ ከተማ ምክር ቤት መሆኑ ነበር፤ የአንድ ከተማ ጥቂት ሠራተኞች ከኩባንያው መሐንዲሶችና ጠበቆች ጋር ይሟገታሉ። ብሔራዊ የዕቃ ደህንነት መሥሪያ ቤት የተቋቋመው በ2018 ነው፤ ከለንደኑ የግሬንፌል ሕንፃ እሳት በኋላ ማለት ነው። ሰኔ 2017 በግሬንፌል 72 ሰዎች ሞተዋል፤ በሕንፃው ይኖሩ ከነበሩትና ካለቁት መካከል ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ነበሩ። ሕንፃውን ያጋየው የውጪ ልባሱ ቢሆንም፣ የመጀመሪያው እሳት የተነሳው ከአንድ ቤት ማቀዝቀዣ ነበር። የማቀዝቀዣው ጀርባ ፕላስቲክ ነበር፤ አሜሪካ ውስጥ በአብዛኛው ብረት ነው። የፕላስቲክ ጀርባ ዕቃውን ገልብጦ ያየ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው፤ የእንግሊዝ የሸማቾች ማኅበርም በስፋት ሲጮህበት ቆይቷል፣ ደረጃው የጠበቀው ግን ዘግይቶ ነው።

አውስትራሊያ ደግሞ የባሰ አየች። እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2013 ኢንፊኒቲ በሚባል ስም የተሸጠ የቤት ውስጥ ሽቦ ልባሱ ያለ ዕድሜው እንደሚሰነጣጠቅ ታወቀ። ሽያጩን ማቆም ቀላል ነበር። ሽቦው ግን እስከ 40,000 በሚደርሱ ቤቶች ግድግዳና ጣሪያ ውስጥ ተቀብሯል። የፀጉር ማድረቂያ ክልከላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሠራው ዕቃው ራሱ ቶሎ ስለሚያረጅ ነው፤ ሽቦ ግን ሰው ከቤቱ ጋር ያወርሰዋል።

አሁን ወደ ቤታችን። አዋጅ አጥተን አይደለም፤ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አለ፣ የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት አለ፣ አስገዳጅ የሚባሉ ደረጃዎች አሉ፣ የሚፈትንም የተስማሚነት ምዘና ድርጅት አለ። ወረቀቱ ላይ ያለው ሰንሰለት ከሌላው አገር ብዙም አይለይም። መርካቶ ገብቶ የዲቫይደር ክምር ያየ ሰው ግን ሰንሰለቱ የት ላይ እንደሚላላ ይገባዋል። ብዙዎቹ ዕቃዎች ላይ «ሲ ኢ» የሚል ምልክት ታትሟል። ገዢው ይህን አውሮፓ የፈተነው ነው ብሎ ያምናል። ሲ ኢ ለአብዛኛው የቤት ኤሌክትሪክ ዕቃ አምራቹ ራሱ «ደንቡን አሟልቻለሁ» ብሎ የሚሰጠው ቃል ነው፤ ማተሚያ ያለው ሁሉ ሊያትመው ይችላል።

በዓይን የሚታየውን ብቻ ይዘን የራሳችንን የመጀመሪያ ዝርዝር እንጀምር ብንል፣ እኔ ከዲቫይደሩ እነሳለሁ። ከዲቫይደሮቹም የማንኛውንም አገር መሰኪያ የሚያስገባውን፣ ቀዳዳው የተዘበራረቀውን። ሁሉን እንዲቀበል ሲባል ቀዳዳው ስለሰፋ የማንንም እግር አጥብቆ አይዝም፤ የላላ ግንኙነት ያስፈነጥቃል፣ ይግላል፣ ያቃጥላል። የግራውንድ እግርም ሲገባበት አብዛኛውን ጊዜ የሚነካው ነገር የለም። ቻይና ይህን ዓይነት ሶኬት እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ለራሷ ገበያ አቁማዋለች። እኛ ጋ ግን አሁንም በየመደብሩ አለ፤ ለማወቅ ደግሞ ላቦራቶሪ አያሻም፣ ቀዳዳውን ማየት ይበቃል።

ቀጥሎ በስለት የተቆረጠውን መሰኪያ አስገባ ነበር፣ ይህ ግን የሚመጣው በአስመጪ አይደለም። ከዱባይና ከአቡዳቢ የሚመለሱ እህቶቻችን የሚያመጡት ካውያና ማንቆርቆሪያ የእንግሊዙን ባለ ሦስት እግር ትልቅ መሰኪያ የያዘ ነው። ያ መሰኪያ ውስጡ ፊውዝ አለው፣ ረጅሙ እግሩም ግራውንድ ነው። እዚህ ሲደርስ ሶኬታችን አይቀበለውምና ይቆረጥና ባለ ሁለት እግር ይገጠምለታል፤ ፊውዙም ግራውንዱም አብረው ይጣላሉ። ዕቃው ሲመጣ ደህና ነበር፤ አደገኛ ያደረገው ሠፈር ውስጥ ያለው ጠጋኝ ነው። ይህን የትኛው የጉምሩክ ሠራተኛ ሊይዘው ይችላል? ግራውንድ ያለው፣ ጠበቅ ብሎ የሚይዝ አስማሚ በቅናሽ ዋጋ እንዲገኝ ማድረግ ከማንኛውም ክልከላ የተሻለ ይሠራል።

የመጨረሻው ከባዱ ነው። በየመንደሩ የሚሠራው፣ ሬዚስታንስ ሽቦው ሸክላ ላይ ተጠቅልሎ ያለ ምንም ሽፋን የሚግለው ስቶቭ በየትኛውም ሚዛን አደገኛ ነው። ማንኪያ ወይም የብረት ድስት የሽቦውን አንድ ጫፍ ቢነካ እስከ 220 ቮልት ድረስ ለሰው እጅ ይደርሳል። ጉድለቱ ከሩቅ ይታያል፤ በአሜሪካው መመዘኛ የመጨረሻው ሁኔታ ተሟልቷል። ከእሱ በፊት ያለው ግን አልተሟላም። አብዛኛው አምራች የሚከተለው የተሻለ አሠራር ገና የለም፤ ሽቦው የታሸገው፣ ግራውንድ ያለው ምድጃ ከክፍቱ በብዙ ይወደዳል። ክፍቱን ብንከለክለው የሚሠራው ሰው ከመንገድ ዳር ወደ ጓሮ ይገባል፤ ገዢውም የሚገዛው ከዚያው ነው፣ ይኸው ነው ለውጡ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ዝርዝር አወጣዋለሁ። ሽቦው በታሸገ ቱቦ ውስጥ ያለ የምድጃ መለዋወጫ ያለ ቀረጥ ገብቶ እነዚሁ ሠሪዎች እጅ እስኪደርስ፣ የሁለቱ ዋጋ እስኪቀራረብ ድረስ ማለቴ ነው። ከዚያ በኋላ ክፍቱን የሚሠራ ካለ ያን ጊዜ ዝርዝሩ ውስጥ ይግባ።